አንቺሆዬን በስልክ የቃኘሁ ቀን

አቃቂ ውስጥ ትክክለኛ ስሜን የሚያውቁት የትምህርት ቤታችን ገንዘብ ያዥና የወረዳው መዝገብ ቤት ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ቲቸር ዶሬ ነኝ። ዶ ሬ ሚ ማስተማር በጀመርኩ ሳምንት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ስሜ ጠፍቷት «ቲቸር ዶሬ» ብላ ጠራችኝ፤ በዚያው ጸና። ዛሬ ባጃጅ የሚነዱ፣ ጢም ያበቀሉ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች ከመንገድ ማዶ በዚሁ ስም ይጣሩኛል። ዞር ብዬ ባያቸውም ግማሾቹን አላስታውሳቸውም። ቢሆንም እጄን አነሣለሁ፤ አንዳንዶቹ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ይከፍሉልኛልና ጥቅም አለው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጡረታ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም ሸለመኝ፤ ሥራ ለፈታ ሰው ሰዓት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ርዕሰ መምህሩ ንግግሩን ሲጨርስ ማይኩን አቀበለኝና ከሥራ ዘመኔ የማልረሳውን እንድናገር ጋበዘኝ። ሠርግ ቤት ኦርጋን የሚጫወተውን ተማሪዬን ጠራሁ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን የምትመራዋን ጠራሁ፤ ሙዚቃ አጥንቶ እንደኔው መምህር የሆነውንም አልተውኩም። ሰው አጨበጨበ። በእውነት የማልረሳትን ግን ሳልጠራ ተቀመጥኩ።

ትርሲት ትባላለች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ ልጅ አዘፍኛለሁ፤ እሷን ግን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ጋቢዬን ደርቤ ወደ ቤቴ ስሄድ የማስበው ስለ እሷ ነበር። የተናገርኳትን ቃል ሳልመልስ ሥራዬን የጨረስኩ አልመሰለኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ።

የተማርኩት መምህራን ማሠልጠኛ ነው። እዚያ ሙዚቃ ማለት ኪቦርድና ኖታ ነበር። አስተማሪያችን ነጩንና ጥቁሩን ቁልፍ በተራ እየነካ ከዚህ ውጪ ድምፅ የለም ይለን ነበር፤ እኔም አመንኩ። ክራርን የማውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ ማሲንቆን ደግሞ በምሽት ቤት በር ሳልፍ። ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩበት የአርሲ ገጠር ትምህርት ቤት ኪቦርድ ቀርቶ መብራትም አልነበረውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ እየሣልኩ፣ ሥዕሉን በጣቴ እየነካሁ፣ ድምፁን በአፌ አወጣሁ። ልጆቹ በጣም ወደዱት። አንድ አባት ግን መስኮቱ ሥር ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ «መምህርቷ ደህና ናት?» ብሎ ዳይሬክተሩን ጠየቀ አሉ።

ከዚያ ወደ አቃቂ ተዛወርኩ። ትምህርት ቤታችን ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ወደ ደብረ ዘይት የሚወርድ የጭነት መኪና ሁሉ ጥሩምባውን የሚነፋው እኛ በር ላይ ሲደርስ ነው። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ ኋላ ግን ማስተማሪያ አደረግኩት። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ልጆቹ ድምፁን በአፋቸው ይይዙና የትኛው ኖታ እንደሆነ ይከራከራሉ። በቅርባችን ያለው ፋብሪካ የፈረቃ መውጫ ሳይረን ሲያስጮህ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ «ላ» ብሎ ይቀበለዋል። የሒሳብ መምህሩ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ሆኖ ብዙ ተሠቃይቷል፤ እግዜር ይስጠው፣ አንድ ቀን እንኳ አልከሰሰኝም።

ስድስት ዳይሬክተር አሳልፌያለሁ። አንዱ ሙዚቃን የሚፈልገው ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ብቻ ነበር። አንዷ ጩኸቱ ማንንም እንዳይረብሽ ብላ የሙዚቃ ክፍሉን ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጎን አዛወረችው፤ ሽታው እኔን እንደሚረብሸኝ አልታያትም። አንዱ ደግሞ ደጅ ጠንቶ ኪቦርድ አስገኘልኝና ዕድሜ ልኬን መረቅኩት። የትምህርቱም ስም እንደ አለቆቼ ሲቀያየር ኖሯል፤ አንድ ሰሞን ሙዚቃ፣ አንድ ሰሞን ሥነ ውበት፣ በመጨረሻ ክወናና ዕይታ ጥበባት ተባለ። ስሙ በረዘመ ቁጥር ክፍለ ጊዜው ያጥር ነበር። የመምህር ደመወዝን ነገር አላነሣም፤ የማያውቀው የለም።

ሙዚቃ ያስተማሩኝ ግን ዳይሬክተርም የማሠልጠኛ አስተማሪም አልነበሩም። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ምትኩ ናቸው።

ጋሽ ምትኩ ወጣትነታቸውን የጨረሱት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሽመና ማሽን መካኒክ ሆነው ነው። በዕረፍታቸው በፋብሪካው የኪነት ቡድን ክራር ይመቱ ነበር። ፋብሪካውን ለቀው እኛ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሲቀጠሩ ክራራቸውን ይዘው መጡ፤ ጆሯቸውን ግን የማሽኑ ጩኸት አስቀርቶት ነበር። ደንቁረው አይደለም፤ ከብዷቸዋል። ቀስ ብለው ካናገሯቸው «እ?» ይላሉ፤ ጮኽ ብለው ካናገሯቸው ደግሞ «ምን ያስጮህሻል?» ብለው ይቆጣሉ።

መጀመሪያ የተዋወቅኳቸው ቀን ጠመኔ ፈልጌ ንብረት ክፍል ገባሁ። ጋሽ ምትኩ በደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክራር በጥርሳቸው ነክሰዋል። የላይኛውን አግዳሚ እንጨት፣ ቀንበር የሚባለውን ነው የነከሱት። ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ እጃቸው አውታር ይመታሉ፣ በሌላው መቃኛውን ያጠብቃሉ። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቃቸው ሳይመልሱ አንድ ጣታቸውን አነሡ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ጠመኔዬን ለመቀበል ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ሲጨርሱ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ጆሮ ሲደክም አጥንት ይሰማል አሉኝ። አውታሩ ሲመታ ድምፁ በእንጨቱ አልፎ በጥርሳቸው ወደ ራስ ቅላቸው ይገባል። ልጆቹ ግን ይህን አያውቁም፤ «ጋሽ ምትኩ ክራር ይበላሉ» እያሉ ያስወሩባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሻይ ሰዓቴን ንብረት ክፍል ማሳለፍ ጀመርኩ። የትምህርት ቤቱን የክራር ቡድን ያቋቋምነውም እዚያ፣ በተሰበሩ ወንበሮች መሃል ነው። ስድስት ክራር በእጃችን ሠራን። ገበቴው ከአሮጌ የብረት ሳህን፣ ቋሚዎቹ ከተጣለ ዴስክ፣ አውታሮቹ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ። ሽቦው የተገመደ ስለሆነ ፈትተን ከቀጫጭኖቹ አንዷን እንመዛለን። ቆዳው የፍየል ነው፤ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይነከርና ጠጉሩ ተፍቆ እርጥቡን ሳህኑ ላይ ይወጠራል። ጋሽ ምትኩ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይፈልጋሉ። እኔ ቸኩዬ አንዱን ፀሐይ ላይ ብሰጣው በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ። እሳቸው ሌላ ቆዳ አቀበሉኝ። ቆዳውን የምንነክረው ሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ ነበርና መጸዳጃ ቤቱ ጎን መሆናችን የጠቀመን ያኔ ብቻ ነው፤ የተነከረው ቆዳ ሲሸት ማንም ከእኛ መሆኑን አላወቀም።

አንድ የማያልፉት ልማድ ነበራቸው። አውታር ከመነካቱ በፊት ተማሪው ድምፁን በአፉ ማውጣት አለበት። ልጁ ወደ ክራሩ እጁን ሲሰድ መዳፋቸውን አውታሮቹ ላይ ይጭኑና «መጀመሪያ አፍህን ቃኝ» ይላሉ። ልጁ ያዜማል፣ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ አውታሩ ልጁን እንዲከተል ይደረጋል። እኔ የተማርኩት ተቃራኒውን ነበር፤ ኪቦርዱ ይነካል፣ ልጁ ይከተላል። የፋብሪካ ሰው ልማድ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩባቸው።

ስለ ቅኝት ትንሽ ላስረዳ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባም። ቅኝት ማለት አውታሮቹ እርስ በርስ የሚስማሙበት ሥርዓት ነው። ታላላቆቹ አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ክራር ስድስት አውታር ስላለው ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ነው። ከአራቱ አስቸጋሪዋ አንቺሆዬ ናት። ስሟን የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማዋን ያውቃል፤ ሠርግ ቤት ሚዜዎች ሲገቡ እያጨበጨበ የተቀበለ ሁሉ አንቺሆዬ ዘፍኗል። ከአምስቱ ድምፆቿ አንዷ ግን ኪቦርድ ላይ የለችም። በአንዱ ቁልፍና በሚቀጥለው መሃል፣ አቧራ የሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ ናት። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው።

ትርሲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አባቷ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳሉ፤ አክስቷ በየሠርጉ የሚፈለጉ አውራጅ ናቸው፤ እሳቸው ያወጣሉ፣ ቤቱ ይቀበላል። ልጅቷ በአክስቷ ጉያ ድንኳን ለድንኳን ስትዞር ያደገች ናት። ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም፤ ስትዘፍን ግን የጭነት መኪናው ጥሩምባ አያሸንፋትም። የክፍለ ከተማው ትምህርት ቤቶች ውድድር ሲመጣ አክስቷ ያስተማሯትን የሠርግ ዜማ እንድትዘፍን፣ ስድስቱ ክራሮች እንዲያጅቧት ወሰንን። ሁለት ወር ተለማመድን። ጋሽ ምትኩ ክራሮቹን በእሷ ድምፅ ቃኙላት። ልምምዱ ላይ እሷ ስትዘፍን የጥበቃው ጋሼ በሩን ክፍት ትተው መጥተው ይቆሙ ነበር።

በውድድሩ ዋዜማ ጋሽ ምትኩ ዘመድ ሞተባቸው። ክራሮቹን ለመጨረሻ ጊዜ ቃኝተው፣ «አትነካኳቸው» ብለው ሄዱ።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን አዲስ ስልክ ገዝቼ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የመቃኛ አፕ ጫነልኝ። አውታሩን ሲመቱት ስልኩ ይሰማና የኖታውን ፊደል ይጽፋል፤ ልክ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከሳተ ቀይ ያበራል። ለእኔ ከሰማይ የወረደ ዳኛ ነበር። በውድድሩ ጠዋት አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተሰልፈን ተራችንን ስንጠብቅ ለማንኛውም ልፈትሽ ብዬ አንዱን ክራር መታሁ። አራተኛዋ አውታር ላይ የስልኬ ቀስት በሁለት ፊደል መሃል ቆማ ቀይ አበራች። ሁለተኛውን ክራር መታሁ፤ ያው ቀይ። ስድስቱም ላይ ያቺው አውታር ቀይ ናት።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም። ለጋሽ ምትኩ አዘንኩላቸው። ጆሯቸው በቃ ሄደ፣ ማን ይነግራቸዋል ብዬ አሰብኩ። ገመናቸውን የምሸፍን መስሎኝ የስድስቱንም ክራር አራተኛ አውታር እያጠበቅኩ ከፍ አደረግኩ፤ አንድ በአንድ አረንጓዴ አበሩ። ከክራር መቺዎቹ አንዷ ሞክራ «ቲቸር፣ ተቀይሯል» አለችኝ። ተቀይሯል ሳይሆን ተስተካክሏል ነው የሚባለው ብዬ አረምኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

መድረኩ ላይ ክራሮቹ ጀመሩ፣ ትርሲት ገባች። የመጀመሪያው ስንኝ መሃል ላይ ያቺ ድምፅ መጣች፤ ልጅቷ በአክስቷ መንገድ ሄደች፣ ክራሮቹ በስልኬ መንገድ። አብረው ሲሰሙ ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ሆነ። እኔ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩላት፤ ከፍ አድርጊ ማለቴ ነው። አየችኝ። ታዛዥ ልጅ ናትና ከፍ አደረገች፤ ያኔ የቀረው ዜማ ጠፋባት። እንደገና ወደ ራሷ ተመለሰች፤ እኔ እንደገና ጣቴን አነሣሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዝም አለች። ክራሮቹ ብቻቸውን ትንሽ ሄደው ቆሙ። ከኋላ ያሉ ልጆች ሳቁ።

ይህ ውድቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይረሳ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ተክዞ ተቀምጧል። እኔ አፍሬያለሁ፤ ኀፍረቴን የሚሸከምልኝ ሰው ፈለግኩ። ወደ ትርሲት ዞሬ በሁሉም ፊት «ቅኝቱ ደህና ነበር፤ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ለካ ጆሮ የለሽም» አልኳት።

«እሺ ቲቸር» አለች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ብትከራከረኝ ወይም ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ምትኩ ከለቅሶው ሲመለሱ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል። ንብረት ክፍል ስገባ አንዱን ክራር ይዘው ተቀምጠዋል። ቀንበሩን ነክሰው አራተኛዋን አውታር መቱ። ደገሙ። ከዚያ ክራሩን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አዩኝ።

«ይሄን ማን ቃኘው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«በምን?»

ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። እንዲያውም መታሁላቸውና አረንጓዴ ሲያበራ አስተዋሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አሁንም ልክ እንደሆንኩ ነው የማስበው። ስልኩን ተቀብለው በትዕግሥት አዩትና መለሱልኝ።

«ይሄ ሠርግ ቤት ሄዶ ያውቃል?» አሉኝ። ቀጥለውም «ልጅቷ ልክ ነበረች» አሉ።

ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው። የተቆጡት ስለ እሳቸው ጆሮ የጠረጠርኩትን ስነግራቸው አይደለም፤ ያን ጊዜማ ሳቁ። የተቆጡት ሚኒባስ ውስጥ ያልኩትን ስነግራቸው ነው። ሂጂና ንገሪያት አሉኝ።

አልሄድኩም። መምህር ተማሪን ይቅርታ እንዲጠይቅ ማሠልጠኛ ውስጥ አላስተማሩንም። ትርሲት የቡድኑን ቀሚስ አጥባና ተኩሳ በጓደኛዋ እጅ ላከችልኝ፤ ኮሪደር ላይ ስታየኝ ሰላም ብላ ታልፋለች። ዛሬ ነገ ስል ፈተና ገባ፤ ከፈተናው በኋላ እላለሁ ስል ክረምት ሆነ። መስከረም ላይ ስጠይቅ ቤተሰቡ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ተዛውሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። አንድ ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ሄጄ ስዞር ዋልኩ። የብሎኩን ቁጥር ሳላውቅ ስለሄድኩ ያተረፍኩት የእግር ሕመም ነው።

በዚያ ዓመት ግን ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ምትኩ ኪቦርዱን በጠረጴዛ ልብስ አስሸፈኑኝ። ከሥራ ሰዓት በኋላ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊታቸው አስቀምጠው አፌን ያስቃኙኝ ጀመር። ያቺን የአንቺሆዬ ድምፅ ሳወጣ አፌ በልማድ ወደ ኪቦርዱ ቁልፍ ይንሸራተታል፤ እሳቸው መዳፋቸውን አውታሩ ላይ ይጭናሉ። እንደገና። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ፍለጋ እንዞራለን። ከቃሊቲ እስከ ገላን የተጠራንበት ሁሉ ሄደናል፤ ካልተጠራንበትም ብዙ ቀርተናል አልልም። ድንኳኑ ጥግ ቆመን አውራጆቹን እናዳምጣለን። አንድ ቦታ የሙሽራው አጎት የማን ወገን እንደሆንን ሲጠይቁን ጋሽ ምትኩ ፈጠን ብለው «የዜማው» አሉ፤ ሰውየው በዘመድ ቆጠራ የጠፋቸው መስሏቸው ወንበር አመጡልን።

አንድ ቀን፣ ከብዙ ወር በኋላ፣ አንዲት አውራጅ ስትዘፍን ያቺ ድምፅ በቦታዋ ስትወድቅ ሰማኋት። አልተሳሳተችም፤ አላነሰችም፤ ራሷን የቻለች ድምፅ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻት አላዳመጥኳትም። ድንኳኑ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ ሰው የሙሽራዋ እናት ዘመድ መሰልኩት። ከዚያ በኋላ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ በጋሽ ምትኩ መንገድ ነው የተማሩት፤ ኪቦርዱንም አልጣልኩትም፣ ለራሱ ሙዚቃ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው።

ጋሽ ምትኩ ዛሬ ልጃቸው ቤት ናቸው፤ ጥርሳቸው አልቆ ክራር መንከስ ትተዋል። በየዓመት በዓሉ ስጠይቃቸው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ያቺን ልጅ አገኘሻት ወይ ይላሉ። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ጋቢዬን ላሳያቸው ሄድኩ። ጋቢውን ዳሰስ አድርገው ጥሩ ፈትል እንደሆነ መሰከሩ፤ ከዚያ ያንኑ ጠየቁኝ። አሁንስ ምን ሰበብ አለሽ የሚል ዓይን ነበር።

ከቤታቸው ወጥቼ ባጃጅ ስይዝ ሹፌሩ «ቲቸር ዶሬ» አለኝ። የትርሲት የክፍል ጓደኛ ሆኖ ተገኘ። ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፀጉር ቤት እንደምትሠራ ነገረኝ። ይህን ያህል ዓመት የፈለግኳት ልጅ በአንድ ጥያቄ ተገኘች፤ ለካ መጠየቅን ነበር የፈራሁት።

በማግስቱ ክራሬን በከረጢት ከትቼ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ከረጢቱን አይቶ «እማማ፣ ሳይጫወቱ አይወርዱም» ብሎ አሳቀብኝ። እኔ ግን በሆዴ የምናገረውን ቃል እየደረደርኩ ነበር።

ፀጉር ቤቱ ምድር ቤት ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ትርሲት ገና በሩ ላይ አወቀችኝ። አቅፋ ሳመችኝ፣ ወንበር ሳበችልኝ፣ እምቢ ብልም ጸጉርዎን ካልሠራሁ አለች። ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል ራሴን ገንዳው ውስጥ አስተኛችው፤ ሰው ራሱ ውሃ ሥር ሆኖ ይቅርታ መጠየቅ አይችልም። ከዚያ የጸጉር ማድረቂያውን ፎን አበራች።

የፎኑ ጩኸት ሲነሣ ከጀርባዬ አንድ ነገር ሰማሁ። ትርሲት በለሆሳስ ታዜማለች። በጩኸቱ መሃል ሙሉውን መስማት አይቻልም፤ ያቺ ድምፅ ግን በስንጥቋ ውስጥ፣ ልክ በቦታዋ ስትወድቅ ለየኋት። ፎኑን ስታጠፋው ዜማውም ጠፋ። ስታበራው ተመለሰ። አብራት የምትሠራው ልጅ ዓይኔን አይታ ፎን ካልበራ አትዘፍንም ብላ ሳቀች።

ትርሲት ፎኑን ስታስቀምጥ በመስተዋቱ ውስጥ አየኋት። የደረደርኩት ንግግር ጠፋኝ።

«ትርሲት፣ ያን ቀን ከቅኝት የወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ክራሮቹን ደጃፍ ላይ በስልክ ቃኝቼ ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ። አንቺ ልክ ነበርሽ። ጆሮ የሌለኝ እኔ ነበርኩ።»

ማበጠሪያዋ ጸጉሬ ውስጥ ቆመ። የትኛውን ቀን እንደምል አልጠየቀችኝም።

«ያቺ የጋሽ ምትኩ አውታር ተቀይራ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«እኔኮ ክራሮቹ ከእኔ የሸሹ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እርስዎ ሲናገሩኝ፣ ቲቸር ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ ተውኩት።» ማበጠሪያውን ከጸጉሬ አወጣች። «እኅቴ ስትዳር አክስቴ አውርጂ ብላ ለመነችኝ። ጆሮ የለኝም አልኳት። ሠርጉን በማጨብጨብ ጨረስኩት።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ ብዬው የማላውቀው ቃል ነው፤ ስለው ግን አልከበደኝም። እሷ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ጸጉሬን ማበጠር ቀጠለች፤ እጇ ከበፊቱ ይልቅ ቀለል ያለኝ መሰለኝ።

ጸጉሬ ሲያልቅ ከረጢቱን ፈታሁ። ክራሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አውታሮቹን ሆን ብዬ አላላኋቸው። አንቺ አውጪ፣ እኔ ልከተልሽ አልኳት። ደንበኛ አለ ብላ አፈረች። ካስክ ውስጥ ጸጉራቸውን ያደርቁ የነበሩት ደንበኛ ግን ካስኩን ወደ ላይ ገፍተው እኛም እንስማ አሉ። ትርሲት በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ግድግዳውን ተደግፋ ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ እንደ ንግግሯ ነበር፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከፈተችው። እኔ ከሥር ከሥሯ መቃኛውን እያዞርኩ አንደኛዋን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን አውታር አስማማሁ። አራተኛዋ ላይ ስደርስ እየመታኋት ቀስ ብዬ አጠበቅኩና ቆምኩ።

«እዚህ ጋ ናት?» አልኳት።

ትርሲት ጆሮዋን ወደ ክራሩ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«አይ ቲቸር፣ አልፈዋታል። ትንሽ ዝቅ ያድርጓት።»

ዝቅ አደረግኳት።